ልጆቻቸውን ያላመጡ ዓሦች

ባሕሩ የሞቀ ዓመት ከሁሉም ሰው በላይ የተደሰትነው እኛ ልጆች ነበርን። የከተማችን የቺምቦቴ ባሕር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከወገቡ በላይ የገባ ልጅ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የሚወጣው። ያን ዓመት ግን ውሃው፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ቺቶን የምታጥብበትን ውሃ ያህል ለብ አለ። ከገባን አንወጣም። የጣታችን ቆዳ ተጨማዶ የአሮጊት እጅ እስኪመስል እንንቦጫረቃለን። እናቶቻችን ከዳር ሆነው ሲጣሩ አልሰማንም እንላለን።

«አባዬ፣ ባሕሩን ማን አሞቀው?» አልኩት አባቴን አንድ ጠዋት።

አባቴ ፍሎረንቲኖ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበር። ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረና ሳያወጣው ቆየ። ጨው የበላው ፊቱ ጨፍገግ አለ።

«ቅዱስ ጴጥሮስ ነዋ» አለኝ በመጨረሻ። «እግሩን ሊታጠብ ፈልጎ ይሆናል።»

ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ስንዋኝ የቅዱሱን ትልቅ እግር እንዳንረግጥ እየተጠነቀቅን ነበር።

በሰፈራችን ያለው ነገር ሁሉ ከአንቾቬታ የመጣ ነው። ጣት የምታህል፣ ጎኗ እንደ ብር የሚያበራ ዓሣ ናት። እኛ እምብዛም አንበላትም። ፋብሪካ ገብታ ትቀቀላለች፣ ትደርቃለች፣ ትፈጫለች፤ ዱቄቷ ለዶሮና ለአሳማ መኖ ይጫናል። የፋብሪካው ጭስ ሰፈሩን ሲያለብሰው እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኛን የሚያስፈራን ግን ጭስ የሌለበት ቀን ነበር።

የእናቴና የጎረቤቶቿ ሥራ መረብ ነው። ጀልባዎቹ ሲገቡ መረቡ አሸዋ ላይ ይዘረጋና የተቀደደው ይሰፋል። ለእኛ ለልጆች የሚደርሰን ሥራ ግን ከሁሉ የከፋው ነበር። የአንቾቬታ ልጆች፣ ገና ያልጠኑት፣ ጭንቅላታቸውን በመረቡ ዓይን አስገብተው ይቀራሉ። አንድ በአንድ እየነቀሉ ማውጣት ነው። በፀሐይ የደረቁ እንደሆነ ጥፍር ይሰነጥቃሉ። ካፒቴኖቹም አይወዷቸውም፤ መረብ ያከብዳሉ፣ መረብ ያስቀድዳሉ፣ ፋብሪካ ሲገቡም ውሃ እንጂ ዱቄት አይወጣቸውም። በመረብ ላይ ትንንሾቹን ያየ ካፒቴን መጀመሪያ ይራገማል፣ ቀጥሎ ይተፋል።

ያን ዓመት መረቡ ንጹሕ ሆኖ መጣ።

«ሶይላ! ነይ እዪ እንጂ!» አለች እትዬ ፔትሮኒላ እናቴን። ጎረቤታችን ናት፤ ድምፅዋ ከፋብሪካው ፊሽካ አይተናነስም። «ይሄ መረብ ታጥቦ፣ ተተኩሶ የመጣ አይመስልም?»

እናቴ መረቡን በሁለት እጇ ገልጣ አየችው። «ልጆቻቸውስ?» አለች። «ትልልቆቹ ብቻ ናቸው እኮ።»

«ትምህርት ቤት ልከዋቸው ነዋ! እንደኛ መሃይም ሆነው እንዲቀሩ ነው የምትፈልጊው?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ።

«የምሬን ነው» አለች እናቴ። «እናት ያለ ልጇ እንዲህ በጅምላ ስትሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መንገዱን አሳዪኝ እንጂ እኔም እሄዳለሁ። ስድስቱንም ላንቺ ጥዬ!»

እንደገና ተሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ መርፌዋን ግን ወዲያው አላነሳችም።

እኔ የእትዬ ፔትሮኒላን ወሬ አመንኩ። በሚቀጥለው ዓመት ራሴም ትምህርት ቤት ልገባ ስለነበር ነገሩ ትክክል መሰለኝ። ከባሕሩ ሥር ትንንሾቹ ዓሦች በድንጋይ ወንበር ተደርድረው ሲቀመጡ፣ አንድ ቁጡ ኦክቶፐስ ስም ሲጠራ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ጥፍሬ ዳነ። ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያ ዓሣው ወደ ቤታችን መጣ። እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን ልበል? ድሮ ጀልባዎቹ አድማስ ላይ ነጥብ ነበሩ። ያን ሰሞን ግን በራችን ላይ ቆሜ የአባቴን ቀይ ቆብ እለየው ነበር። ውሃው ዳር ድረስ ጥቁር ሆኖ ይፈላል፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በቅርጫት ይዝቃሉ። ጀልባዎቹ ወገባቸው ድረስ ሰምጠው እየተንፏቀቁ ይገባሉ፤ ጭነታቸውን አራግፈው ወዲያው ይመለሳሉ። ፋብሪካዎቹ አላረፉም። አባቴ ትልቅ ራዲዮ ገዛና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም እንዲዘፍን። ቢራው በሣጥን ይመጣል። እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ «ይህች ልጅ የሐኪም ሚስት አይደለም የምትሆነው፣ ራሷ ሐኪም ናት!» እያለ ይጮኻል።

በዚያ ደስታ መካከል አንድ ያልተደሰተ ሰው ነበር። ዓሣ እንዲለካ ከዋና ከተማችን ከሊማ የተላከ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሁሉም «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ለቀልድ። ከጠዋት ጀምሮ ከዓሣ ክምር ላይ ጎንበስ ብሎ አንዱን ያነሳል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ ያስቀምጣል፤ ሌላውን ያነሳል።

«ካፒቴን፣ አንድም ትንሽ አላገኘሁም» አለው አባቴን። «አንድም። እባካችሁ ለጥቂት ጊዜ አቁሙ። ይሄ የዓሣ ብዛት አይደለም።»

«ብዛት ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ? ሐዘን ሊደርሱን ነው የመጡት?»

«ውጭ ያለው ውሃ ሞቆባቸዋል። ቀዘቀዝ ያለ ውሃ የቀረው እዚህ ዳር፣ ለብ ካለው ሥር ብቻ ነው።»

«ወንድሜ፣ ዓሣ ራሱ መጥቶ በር ሲያንኳኳ 'ሂድ፣ ነገ ተመለስ' ይባላል?»

ከመርከበኞቹ አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ተዉት፣ ትንንሾቹን ክርስትና ሊያነሳቸው ፈልጎ ነው!» አለ። ሳቃቸው እስከ ፋብሪካው ተሰማ። ወጣቱ ፊቱ ቀላና ማስመሪያውን ይዞ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

ለእኔ ልጁ የጠፋበት ሰው መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ትንንሾቹን እየፈለገ፣ ያገኘውን ሁሉ ሰው «ትንሽ አላያችሁም?» እያለ የሚጠይቅ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንጀቴን በላኝና ዳቦዬን ቆርሼ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። «እናትሽ ጎበዝ ናት» አለኝ። ለምን እንዳለኝ አላወቅሁም።

አሁን እኔም እናት ነኝ፤ ያ ሰው ምን ይፈልግ እንደነበርም አውቃለሁ። የእኛ ባሕር የሚመገበው ከሥር በሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው ለዓሣው ምግቡን ይዞ የሚመጣው። ያን ዓመት የሞቀው ውሃ ከሰሜን መጥቶ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ተነጠፈ፤ ከሥር የሚወጣው ቀረ። ዓሣው የሚበላውም የሚተነፍስበትም ሲያጣ በዳር፣ ከሥር በቀረችው ቀዘቀዝ ያለች ጥግ ተጨናነቀ። በድርቅ ጊዜ በጎች ሁሉ አንድ ኩሬ ላይ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው፣ በጉ በዛ ብሎ ቢላ ይስላል? እኛ ግን ሳልን። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አልነበሩም። አልተወለዱም፤ የተወለዱትም አላደጉም። መረባችን ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነበር፤ እኛም ስለ ንጽሕናው ሻማ አበራን።

አባቴ ምንም አላወቀም ለማለት ግን አልችልም። እጁን ከውሃው ሳያወጣ የቆየውን አስታውሳለሁ። አንድ ምሳ ሰዓት ለእናቴ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ባቆም፣ የሚቀጥለው ጀልባ ያቆማል?» ሲላት ሰምቻለሁ። እናቴ ሳህኑ ላይ ስኳር ድንች ጨመረችለት።

በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ጠዋት ከቤት ስወጣ ፔሊካኖቹ መንገድ ላይ ነበሩ። እነዚያ ከረጢት ያንጠለጠሉ ትልልቅ የባሕር ወፎች እንደ ሽማግሌ እየተወዛወዙ በሰፈሩ መካከል ይሄዳሉ። ገበያ ገብተዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ የእትዬ ፔትሮኒላን ዘንቢል ይዞ ይጎትታል፤ እሷ በመጥረጊያ ትመታዋለች፤ አይለቅም። ለበዓሉ የመጡ እንግዶች መሰሉኝ። አፌን ሞልቼ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» አልኳቸው። አንዱ አየት አድርጎኝ ክንፉን ዘረጋና በደረቱ መሬት ላይ ተኛ። ደክሞት ነው፣ ከሩቅ መጥቷል አልኩ።

በእኛ ዘንድ በዚያ ቀን የቅዱሱ ሐውልት በአበባ በተሸለመች ጀልባ ይሳፈራል፤ ባሕሩ መካከል ሲደርስም በስሙ አንድ መረብ ይጣላል። የዚያን መረብ ዓሣ ማንም አይሸጠውም፤ ለድሆች ነው። ያን ዓመት ቅዱሱን እንዲያሳፍር የተመረጠው አባቴ ነበር፤ እኔና እናቴም አብረን ገባን። ሙዚቀኞቹ ይነፋሉ፤ ቄሱ ጠበል ይረጫሉ። መረቡ ተጣለ። መጎተት ሲጀምሩ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው «ሆ» እያሉ ነበር። ግማሽ ላይ «ሆ»ው ቀረ። መረቡ በጣም ቀልሎ ነበር።

ጄሊ ዓሣ ነበረበት። አንድ ቢጫ መስመር ያለው፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ዓሣም ነበረበት። ሌላ ምንም።

ጥሩምባው በየተራ ዝም አለ። አባቴ ወደ ጀልባው ጠርዝ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚስቅ መሰለኝ። ቅዱሱ ቀልዶበት፣ ለድሆች ቢጫ ዓሣ ልኮ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘች። እጇ የመረብ ቅባት ይሸት ነበር፤ አጥብቃ ይዛኝ ስለነበር ጥርሴ ከንፈሬን ቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ጭስ አልነበረም። ጀልባዎቹ መጀመሪያ በየቀኑ ወጡ፤ ኋላ ነዳጅ እንዳይባክን በየተራ፤ ኋላ ቆሙ። ራዲዮው «ሊጠገን» ሄደ፤ ቀጥሎ የእናቴ የስፌት መኪና «ሊጠገን» ሄደ። ዕቃችን ሁሉ በአንድ ጊዜ መበላሸቱ ገረመኝ።

አንድ ቀን ምሳ ሥጋ ሆነ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ዳክዬ» አለች እናቴ።

«ዳክዬ ዓሣ ዓሣ ይላል እንዴ?»

«የባሕር ዳር ዳክዬ ነው። ብዪ እንግዲህ፣ ሐኪሚት።»

አባቴ ሳይበላ ተነስቶ ወጣ። በዚያ ሳምንት እንግዶቹ ወፎች ከመንገዱ እየጎደሉ ሲሄዱ አይቼ፣ በዓሉ አልቆ አገራቸው ተመለሱ ብዬ ነበር።

ከዚያ የክርስትና እናቴ ኦርቴንሲያ ከሊማ መጣች። ወፍራም፣ ሽቶ የምትቀባ፣ ስትናገር አምባሯ የሚንሿሿ ሴት ናት። እኔን ወደ ጓዳ ላኩኝ፤ እኔም መጋረጃው ሥር ተቀመጥኩ።

«አበልጄ፣ ገና ሰባት ዓመቷ ነው» ትላለች እናቴ።

«እኔ በሰባት ዓመቴ ልጅ አዝዬ ውሃ እቀዳ ነበር። ሞትኩ?»

«ትምህርት ቤት ታስገቢያታለሽ?»

«ምን ጥያቄ አለው! የክርስትና ልጄ አይደለችም እንዴ? ከልጆቼ ጋር ነው የምትሆነው።» አምባሯን እያንሿሿች፣ «እስከ መቼ ነው እንግዲህ?» አለች።

«ዓሣው እስኪመለስ።»

«እሱስ መቼ ይመለሳል?»

መልስ የሰጣት አባቴ ነበር። «እሱን ባሕሩን ጠይቂ፣ እትዬ ኦርቴንሲያ።»

ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ትምህርት ቤት! ሁሉም ነገር በአንዴ ተገለጠልኝ። የአንቾቬታ ልጆች የተላኩበት ትምህርት ቤት ለካ ሊማ ነው። እናቶቻቸው ናፍቀዋቸው ሄደዋል፤ ጨርሰው አብረው ይመለሳሉ፤ እኔም ያኔ ከእነሱ ጋር እመለሳለሁ። መጋረጃው ሥር ሆኜ ቺቶን በጆሮው፣ «አንተ ገና ነህ፣ ትንሽ ነህ» አልኩት።

እናቴ አዲስ ጫማ አመጣችልኝ። ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው፣ የእውነት የትምህርት ቤት ጫማ። ስገባበት እግሬ ውስጡ ዋኘ። ጨርቅ ጠቅጥቃ አበጀችልኝ። «እማዬ፣ የማን ጀልባ ነው ያመጣሽልኝ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን ከጣቴ እስከ ጫማው ጫፍ ያለውን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ትጫን ነበር።

እኔ ለልጆቼ ጫማ ስገዛ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ እጄ ይቆማል። ልጇ ለገና ትመለሳለች ብላ የምታስብ እናት ያን ያህል ቦታ አትተውም።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ እናቴ አላቀፈችኝም። ጥቅሌን ፈታች፣ አሰረች፤ እንደገና ፈታች፣ አሰረች።

«ዓሣው የተመለሰ ዕለት እመጣለሁ» አለችኝ። «አላሳድርም፣ ያንኑ ዕለት።»

«እኔ እንደተመለሰ በምን አውቃለሁ?»

የጥቅሌን ቋጠሮ አጠበቀች። «ታውቂያለሽ» አለችኝ።

ሊማ ውስጥ የተማርኩት ድስት ማጠብ ነው። ዕቃ ማጠቢያው ረጅም ስለነበር ሣጥን ላይ እቆማለሁ። ኦርቴንሲያ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አትመታኝም፣ አታስርበኝም። ትምህርት ቤቱን ግን መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ» አለችው፤ ከፋሲካ በኋላ «ሕፃኑ ይራመድ» አለችው፤ ሕፃኑ ሲራመድ ሌላ ተወለደ። ገበያ ስትልከኝ ዓሣ ሻጮቹን ሁሉ፣ «አንቾቬታ መጥቷል?» እላቸዋለሁ። «ያንቺ ዘመድ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። «አዎ» እላለሁ፤ የባሰ ይስቃሉ።

ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ጫማው ውስጥ ጨርቅ ማድረግ ከተውኩ ቆይቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ዶሮ እያጠብኩ ነበር። ሆዱን ከፍቼ እጄን ሳስገባ አንድ ሽታ መጣ። እጄን አሸተትኩ፤ የዶሮው ደረት ላይ አፍንጫዬን አድርጌ አሸተትኩ። የሰፈራችን ጭስ ነው። የአባቴ ሹራብ ነው። ሊማ ከመጣሁ ጀምሮ ያጠብኩት ዶሮ ሁሉ በበቆሎ ያደገ ነበርና ምንም አይሸትም። ይኼኛው ግን የዓሣ ዱቄት በልቷል! ዱቄት ካለ ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካ ካለ ጀልባ አለ፤ ጀልባ ካለ ዓሣው ተመልሷል። እናቴ «ታውቂያለሽ» ያለችኝ ይህንን ነው!

ዶሮውን ውሃው ውስጥ ተውኩት። ጥቅሌን አሰርኩ፤ ፀጉሬን በውሃ አበጠርኩ፤ ወጥቼ የግቢው በር ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ከዚያ ይታያል። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሰዎች አወረደ። ሌላው መጣ። ባለ ሻሽ ሴት በወረደች ቁጥር እነሳለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኦርቴንሲያ ፎጣ እንዳነገተች ወጣች። ልትቆጣ ነበር፤ ጥቅሉን ስታይ ግን ተወችው።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«እማዬን። ዓሣው ተመልሷል፣ ዶሮው ነግሮኛል።»

ፎጣውን አጥፋ እጇ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ፣ «ስሚኝ፣ ልጄ» አለችኝ፤ «ልጄ» ብላኝ አታውቅም። «እናትሽ ቺምቦቴ የለችም። አንቺ በመጣሽ በሳምንቱ ነው የለቀቁት። ተራራው ላይ፣ እናቷ አገር ሄደዋል፤ እዚያ መሬት ይቆፍራሉ። ዓሣው ቢመለስ ባይመለስ እዚያ ማን ያየዋል?»

«እመጣለሁ ብላኛለች።»

«እንድትከፊ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። እኔን፣ 'አትንገሪያት፣ ተስፋ ይኑራት' ብላኛለች። አሁን ግን እንዲህ ደጅ ላይ ተቀምጠሽ...» አልጨረሰችውም። ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ፤ እሷም ገባች።

ዓሣው በእርግጥም ያን ዓመት ትንሽ ተመልሶ ነበር፤ ይህን በኋላ ሰምቻለሁ። የድሮውን ያህል አይደለም፤ ለጥቂት ጀልባዎች፣ ለጥቂት ወራት። ባሕሩ ቀዝቅዞ ነበር። ያልተወለዱት ግን አልተመለሱም፤ ከሰፈራችን የሄዱት ሰዎችም እንደዚያው። ልጄ ይህን ስነግራት፣ «ከዚያስ? መጣች?» ትለኛለች። ራትሽን ብዪ እላታለሁ።

ያኔ ግን ኦርቴንሲያ ዋሸችኝ ብዬ ነው ያመንኩት። እናቴ ተራራ አትወድም፤ ብርዱ ጥርሷን ያማታል፤ ስንት ጊዜ ነግራናለች። ድስት የሚያጥብላት እንዳታጣ ነው ይህን ያለችው። ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ደረጃው ለሁለት ሰው ይጠብ ነበር። ጥቅሌን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ፤ ከሩቅ ስለምትመጣ ይደክማታል ብዬ የምትቀመጥበትን ቦታ ለቀቅሁላት።